ለሳተው ጥይት የሚመረጥ ጠመንጃ

*ለአፍሪካ አደን የቱ ጠመንጃ ይሻላል የሚለው ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ክርክሩ ስለ ጉልበት ነው፤ አውሬው የሚሠቃየው ግን በአብዛኛው በሌላ ምክንያት ነው።*

በባሌ ተራሮች ግርጌ፣ አደን በተፈቀደበት ጫካ ውስጥ፣ የአደን ጉዞ የሚጀምረው አውሬ በመፈለግ አይደለም። እንግዳው ከረጅም በረራና ከአድካሚ የመኪና መንገድ በኋላ ካምፕ ሲደርስ ሻንጣው ሳይፈታ ጠመንጃው ከሣጥኑ ይወጣል። ራቅ ብሎ ከአፈር ቁልል ሥር ካርቶን ይቆማል፤ በካርቶኑ ላይ ክብ የተሳለበት ወረቀት ይለጠፋል። እንግዳው ጠመንጃውን ሦስት እግር ባለው ዘንግ ላይ አስደግፎ ያነጣጥራል። ሰበቡ የታወቀ ነው። በአውሮፕላንና በፒስታ መንገድ ሲንገጫገጭ የመጣ መነጽር ሊዛባ ስለሚችል ዒላማው መፈተሽ አለበት። አደኑን የሚመራው ባለሙያ ግን ወረቀቱን አያይም። ዓይኑን የተከለው በእንግዳው የዐይን ቆብና በቀኝ ትከሻው ላይ ነው።

አንዳንድ ባለሙያዎች ሌላም ፈተና አላቸው። እንግዳው ሳያይ ባሩድ የሌለበት ጥይት ያጎርሱለታል። እሱም እንደ ወትሮው ትንፋሹን ይዞ ምላጩን ይስባል። ጠመንጃው «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። በዚያች ቅጽበት አፈሙዙ ካልተነቃነቀ መልካም። ወደ ታች ከደፋ፣ ዓይኑም ከተጨፈነ፣ ትከሻውም ወደ ፊት ከተወረወረ ግን ሰውየው ርግጫውን ይፈራል። ርግጫ የሚፈራ ሰው ምላጩን ሲስብ ጠመንጃውን አብሮ ይገፋዋል። የአፈሙዙ የጥቂት ሚሊሜትር መዛነፍ በመቶ ሜትር ርቀት ላይ ጥይቱን ከልብ አርቆ ሆድ ውስጥ ሊከተው ይችላል።

የጠመንጃ ምርጫ ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ለአፍሪካ አደን መሣሪያ ሲመርጥ «ይገድላል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ሩቅ አያስኬድም። ጥይቱ በቦታው ካረፈ፣ ለአደን ከሚሸጡት ጠመንጃዎች አብዛኞቹ አብዛኛውን አውሬ ይገድላሉ። መጠየቅ ያለበት «ብስትስ?» ተብሎ ነው። ይህ አንድ ጥያቄ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ያስመዝናል፤ ጥይቱ ክፉ ቦታ ሲያርፍ ምን ያህል እንደሚምርና ጠመንጃው ራሱ ተኳሹን ምን ያህል እንደሚያስተው። ሁለቱ ደግሞ እርስ በርስ ይጣላሉ። ጉልበት ሲጨምር የመጀመሪያው ይሻሻላል፣ ሁለተኛው ይበላሻል።

ከፉከራ የተገኘ እውቀት

የአማርኛ አንባቢ ለጠመንጃ ባዕድ አይደለም። ምንሽር፣ ውጅግራ፣ ለበንና አልቢን በፉከራና በቀረርቶ ሲወደሱ የኖሩ ናቸው። ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰውም በአገራችን ከፍ ያለ ስም ነበረው፤ ጎፈር ደፍቶ አደባባይ ይወጣ ነበር። ነገር ግን ስለ ጠመንጃ ያለን እውቀት በአብዛኛው የጦር ሜዳ እውቀት ነው። የጦር መሣሪያ ሥራ ባላጋራን ከውጊያ ማስወጣት ነው። ጠላት ቆስሎ ከወደቀ ወታደሩ ግዳጁን ፈጽሟል፤ የቆሰለውን የሚያነሱ ሁለት ሰዎችም ከውጊያው ስለሚወጡ ለእሱ ተጨማሪ ትርፍ ነው። ለአዳኝ ግን ከሁሉ የከፋው ውጤት ይኸው ነው። የቆሰለ አውሬ ተሠቃይቶ ይሞታል፣ ወይም የተከተለውን ሰው ይገድላል፣ ወይም ሁለቱም ይሆናል።

ዛሬ በኢትዮጵያ በሕግ የሚካሄደው አደን ጠባብ መስክ ነው። የዱር እንስሳት ልማትን፣ ጥበቃንና አጠቃቀምን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 541 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን አይቻልም። በአርሲና በባሌ በኩል እንደ ሙኔሳ፣ ኦዶቡሉና አባሸባ ደመሮ፣ በኦሞ ሸለቆ በኩል እንደ ሙሩሌ ያሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀጠናዎች ግን አሉ። እዚያ የሚመጣው አዳኝ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰው ሲሆን ለሚገድለው እንስሳ አስቀድሞ ፈቃድ ያወጣል፤ ጠመንጃውንም አስመዝግቦ አስገብቶ ሲመለስ ይዞት ይወጣል። ጥይቱ ከጠመንጃው ተለይቶ ይጓዛል፤ አየር መንገዶች እንደ ልማድ ለአንድ መንገደኛ ከ5 ኪሎ ግራም በላይ ጥይት አይጭኑም። ስለዚህ አምስት ስድስት ጠመንጃ ደርድሮ ለእያንዳንዱ አውሬ አንድ አንድ መመደብ የድሮ መሳፍንት ወግ ሆኖ ቀርቷል። የዛሬው አዳኝ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይመርጣል።

ማደንና ማስቆም

ስለ አፍሪካ ጠመንጃ የሚነገረው ነገር የተምታታው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። አንደኛው ማደን ነው። አውሬው አዳኙን አላየም፤ ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል፤ ጊዜም አለ። ሁለተኛው ማስቆም ነው። ቆስሎ ቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቀ ጎሽ ከአሥር እርምጃ ላይ ብድግ ብሎ ይመጣል፤ የሚታየው ግንባሩና ቀንዱ ብቻ ነው፤ ለአንድ፣ ቢበዛ ለሁለት ተኩስ የሚሆን ጊዜ አለ። ለመጀመሪያው ሥራ ትክክለኛነት ያስፈልጋል። ለሁለተኛው ክብደት ያለው እርሳስና የማይከዳ መሣሪያ ያስፈልጋል። በአደን ሜዳ ላይ ሥራው ለሁለት ሰዎች የተከፈለውም ለዚህ ነው። እንግዳው ያድናል፤ አጠገቡ ያለው ባለሙያ 458 ወይም 470 የሚባለውን ከባድ ጠመንጃ ይዞ ለክፉ ቀን ይቆማል። ከፊልም የተማረ እንግዳ የባለሙያውን ጠመንጃ አይቶ «እኔም እንደዚያ ያለ ይሁንልኝ» ሲል የሚመኘው የሌላ ሰው ሥራ መሣሪያ ነው።

የከባዱ ጠመንጃ ታሪክ ረጅም ነው። በጥቁር ባሩድ ዘመን የዝሆን አዳኞች መቶ ግራም ያለፈ ድብልብል እርሳስ የሚተፋ፣ ተኳሹን መሬት ላይ የሚዘረጋ መሣሪያ ይሸከሙ ነበር። ጭስ አልባው ባሩድ ሲመጣ ፍጥነት በክብደት ፋንታ ገባ። በ1898 የለንደኑ ሪግቢ 450 ናይትሮ ኤክስፕረስ የተባለውን ጥይት አወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ቀጥሎ የመጣው 470 ለምን እንደተወለደ ሲጠየቅ ደግሞ መልሱ ከአደን ጋር አይገናኝም። እንግሊዞች በሕንድና በሱዳን የ450ን እርሳስ አማፅያን በእጃቸው ባሉት አሮጌ የጦር ጠመንጃዎች ይጠቀሙበታል ብለው ስለፈሩ ስፋቱን ከለከሉ፤ ጠመንጃ ሠሪዎቹም ሌላ ስፋት ፈጠሩ። ዛሬ እንደ ቅርስ የሚታዩ ብዙ የአደን ጠመንጃዎች የፖሊስ ስጋት ልጆች ናቸው።

በ1912 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ያወጣው 375 ግን የመጣው ከሌላ መንገድ ነው። ቁጥሩ የእርሳሱን ስፋት በኢንች ሺህኛ ያሳያል፤ በሚሊሜትር 9.5 ገደማ ነው። ጎሽ ለመግደል በቂ፣ ሩቅ ያለ አጋዘን ለመምታትም የማያንስ፣ መካከለኛ ሰው ተለማምዶ ሊሸከመው የሚችል ርግጫ ያለው ነው። የየአገሩ ሕግም ዞሮ ዞሮ ከእሱ ሥር መስመሩን አሰመረ። ዚምባብዌ ለዝሆን፣ ለጎሽና ለጉማሬ ቢያንስ 9.2 ሚሊሜትር ስፋትና 5,300 ጁል ጉልበት ትጠይቃለች። ናሚቢያ ለአደገኞቹ አውሬዎች 5,400 ጁል ትላለች። 375 ሁለቱንም በጥቂቱ አልፎ ይገኛል።

> ሕጉ የጉልበት ወለል ያስቀመጠው ለተዋጣለት ተኩስ አይደለም። ለተበላሸው ነው።

ቦታው ከተገኘ አነስተኛ ጥይትም ይገድላል ካልን ሕጉ ለምን ይህን ወለል አስቀመጠ? የመጀመሪያው ጥይት በተበላሸ ማግስት ያለውን ደቂቃ ማየት ይበቃል። የተመታው ጎሽ ጀርባውን ሰጥቶ ይሮጣል። አሁን ወደ ልቡ የሚወስደው መንገድ በዳሌ አጥንትና ሣር በሞላበት ሆድ በኩል ነው፤ እርጥብ ሣር ጥይትን ከአጥንት ባልተናነሰ ያደክማል። ይህን ሁሉ አልፎ የሚደርስ ጥይት ክብደትም ስፋትም ይጠይቃል። ታዲያ ጉልበት ይህን ያህል ከጠቀመ ለምን 458 ለሁሉም አይሆንም? ካምፑ ውስጥ በባዶ ጥይት የተደረገው ፈተና ለዚህ መልስ ይሰጣል። ሰውየው የሚፈራው መድፍ ከተሸከመ ወለሉ ያስፈለገበትን ስሕተት ራሱ ያመርተዋል።

የቤል ተከራካሪዎች

በዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ እሱም ስም አለው። ስኮትላንዳዊው ደብልዩ ዲ ኤም ቤል፣ በቅጽሉ ካራሞጆ ቤል፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከሺህ በላይ ዝሆኖች ገድሏል። አብዛኞቹን የገደለው 275 በሚባለው 7 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነው፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ለዝሆን በሕግ የተከለከለ፣ ለአጋዘን የሚሆን ስፋት ነው። ምንሽር ብለን የምናውቀው ማንሊኸርም በ6.5 ሚሊሜትር ስፋቱ በእጁ አልፏል። ሰውየው በእኛም ድንበር ተመላልሷል፤ በ1923 ባሳተመው መጽሐፉ በጊሎ ወንዝ ረግረግ ስላደረገው ጉዞ ጽፏል። ስለዚህ የቀላል ጠመንጃ ወዳጆች «ቤል በሰባት ሚሊሜትር ከሠራ እኛ ምን አገባን በ375?» ይላሉ።

ክርክሩ ጉልበት ያለው ይመስላል፤ ግን ቤል እንዴት ይሠራ እንደነበር ሲታይ ይቀልጣል። የዝሆን ጭንቅላት ትልቅ ቢሆንም አብዛኛው አየር የሞላባቸው ጉድጓዶች ያሉት ስፖንጅ መሰል አጥንት ነው፤ አንጎሉ ወደ ኋላና ወደ ታች ገባ ብሎ የተቀመጠ ነው። ቤል የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ አስቆርጦ መንገዱን አጥንቷል። የሚጠቀመውም ጫፉ የማይፈርስ ድፍን ረጅም ጥይት ነበር። ከሁሉም በላይ የዕለት እንጀራው ስለነበር በየቀኑ ይተኩስ ነበር፤ ማዕዘኑ ካልተመቸው ይተዋል፣ ነገ ሌላ ዝሆን አለ። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስፈቅዶ የመጣ የቢሮ ሰው ነገ የለውም። በመጨረሻው ቀን ምሽት ጀምበር ስትጠልቅ፣ ማዕዘኑ ሲከፋ፣ ይተኩሳል።

ቤል ራሱ የመረጠው ጠመንጃ ግን ያስተምራል። ትልልቆቹን ሞክሯቸዋል፤ የተመለሰው ወደማይረግጠው፣ እንደ ጣቱ ወደሚያዘው ነው። ስለዚህ ቀላል ጠመንጃ ይበቃል ለሚሉት ምስክር አይሆንም። ሰው የማይፈራውን ጠመንጃ ይያዝ ለሚለው ግን ከእሱ የተሻለ ምስክር አይገኝም። የዛሬው አዳኝ ከእሱ የሚወስደው ልምዱን እንጂ ስፋቱን አይደለም።

ደራሲው ሄሚንግዌይም በ1933 መጨረሻ ታንጋኒካ ሲገባ ብዙውን አደን የሠራው በለመደው 30-06 ስፕሪንግፊልድ ነበር። በ1936 ያሳተመው የማኮምበር ታሪክም የሚያጠነጥነው ክፉ ቦታ በተመታ አንበሳና ተከትሎ ለመግባት በፈራ ሰው ላይ ነው። ጉዳዩን ከውስጥ የሚያውቅ ጸሐፊ ድራማውን ያገኘው ከተሳካው ተኩስ አልነበረም።

ጥይቱ ሲያርፍ

በአደን ሱቆች የሚደምቀው ጠመንጃው ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ጥይቱ ነው። በደፈናው ሁለት ወገን አለ። ጫፉ ለስላሳ የሆነው እርሳስ ሥጋ ሲነካ እየተዘረጋ ይሰፋል፤ ለአጋዘን፣ ለአንበሳና ለነብር የሚመረጠው ይህ ነው። ድፍኑ ደግሞ ቅርጹን ሳይለቅ በቀጥታ ይሰረስራል፤ ለዝሆን ራስና ለሚሸሽ ጎሽ የሚሆነው እሱ ነው። ሁለቱን ያደበላለቀ ሰው በማንኛውም ጠመንጃ ይወድቃል። ለስላሳው ጎሽ ትከሻ ላይ ተሰባብሮ ቆዳ ሥር ሊቀር ይችላል። ድፍኑ ደግሞ አንዱን አጋዘን በስቶ ከኋላው የቆመውን ሌላ ሊያቆስል ይችላል። ባለሙያዎች ለጎሽ የመጀመሪያውን ለስላሳ፣ ተከታዮቹን ድፍን አድርገው ካዝናውን የሚሞሉት ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያው ለታሰበው ተኩስ ነው፣ የቀሩት ለሚመጣው።

ዱካ የሚከተሉት ሰዎች ስለ ጥይት ስፋት ብዙ አያወሩም። የሚጠይቁት ሌላ ነው። ጥይቱ ሲያርፍ ድምፁ ምን ይመስል ነበር? ደርቆ ተሰማ ወይስ እንደ ከበሮ ደነቆረ? አውሬው ዘለለ ወይስ ጎበጠ? ዘልሎ ከሮጠ ልቡ ወይም ሳንባው ጋ የተመታ ሊሆን ይችላል። ከጎበጠና ቀስ ብሎ ከሄደ ሆዱን ነው፤ ቶሎ መከተል ያርቀዋል፣ ጥቂት መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ደሙን ያያሉ። አረፋ ያለው ቀላ ያለ ደም ከሳንባ ነው፤ ጠቆር ያለውና ፈርስ የተቀላቀለበት ከሆድ ነው። ይህ እውቀት ለጠመንጃ መራጩም ምክር አለው። በሌላኛው ጎን በስቶ የሚወጣ ጥይት ደም ያፈስሳል፤ ውስጥ የሚቀር ጥይት ግን፣ ቢገድልም፣ ዱካ ላይተው ይችላል።

ስለ እርሳሱ ራሱም አዲስ ጥያቄ ተነሥቷል። የእርሳስ ጥይት በሥጋ ውስጥ ወደ ጥቃቅን ፍርፋሪ ይበተናል፤ በጫካ የሚተወውን ሆድ ዕቃ የሚበሉ ጥንብ አንሳዎች አብረው ይውጡታል። በቦትስዋና የተደረገ ጥናት በጥንብ አንሳዎች ደም ውስጥ ያለውን የእርሳስ መጠን ከአደን ጋር አያይዞታል። ኢትዮጵያ ጥንብ አንሳዎቿ ከቀሩላት አገሮች አንዷ ናት። ከሙሉ መዳብ የተሠራ ጥይት አለ፤ አይፈረካከስም፣ ዘልቆም ይገባል። ዋጋው ቢወደድም ለአንድ አደን ከሚወጣው ወጪ አንጻር ኢምንት ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ግዴታ ቢያደርገው የሚጎዳ ሰው አይታይም።

ደጋው የራሱ ሕግ አለው

እስካሁን የተባለው አብዛኛው የቆላ ነው። የኢትዮጵያ አደን በዓለም ዘንድ የሚታወቅበት እንስሳ ግን የሚኖረው በብርድ ነው። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አይገኝም። ሳይንስ ያወቀውም ዘግይቶ ነው፤ በ1908 አይቨር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ባደነው እንስሳ ሰበብ ታወቀ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ሳይንሳዊ ስሙን ከእሱ አገኘ። ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ ውስጥ ነው። ትልቅ ወንድ ክብደቱ 300 ኪሎ ግራም ሊጠጋ ይችላል፤ ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። ውሎው ጽድና ኮሶ በበዛበት ጫካ፣ ከዚያም በላይ ባለው የአስታ ጥሻ ውስጥ ነው። ጠዋትና ማታ ወደ ገላጣው ወጣ ይላል። ጉም ሲመጣ ሃምሳ ሜትር አይታይም፤ ጉሙ ሲገለጥ ደግሞ ከሸለቆው ማዶ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ይታያል።

እዚህ 470 የተሸከመ ሰው ተሳስቷል። ከሸለቆ ማዶ የሚተኮሰው ሁለት ወይም ሦስት መቶ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ከባዱ ጥይት ደግሞ በዚያ ርቀት ብዙ ይወርዳል። ለዚህ የሚስማማው 30-06፣ 7 ሚሊሜትር ማግነም ወይም 300 ዊንቸስተር ማግነም ያለ፣ ጥሩ መነጽር የተገጠመለት ቀለል ያለ ጠመንጃ ነው። 375 ይዞ የመጣም አያፍርም፤ መነጽር ካለውና ከለመደው ይሠራል። ከፍታው በራሱ ሁለት ነገር ያመጣል። አየሩ ስስ በመሆኑ ጥይቱ ከባሕር ወለል አካባቢ ይልቅ ፍጥነቱን ይጠብቃል፤ ቁልቁልም ሆነ ሽቅብ በሚተኮስበት ጊዜ ደግሞ ከታሰበው ከፍ ብሎ ያርፋል። ሁለቱም ሲደመሩ በረጅም ርቀት ላይ ጀርባ ላይ የሚያልፍ ጥይት ይሆናሉ። የአደን መሪዎች ካምፑ ውስጥ ዒላማውን እንደገና የሚያስተካክሉበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሰውየው ሳንባ ነው። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ዳገት ወጥቶ፣ ልቡ እየመታ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ያነጣጠረ ሰው በመነጽሩ ውስጥ የሚያየው እንስሳውን ሲወዛወዝ ነው። አምስት ኪሎ ግራም የሚያልፍ መሣሪያ ተሸክሞ ከደረሰ ይብሳል። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከጣለ የደም ዱካ በደቂቃ ይታጠባል፤ አስታ ውስጥ የገባ የቆሰለ አጋዘን እዚያው ይቀራል። ብርቅዬ በሆነና በኮታ በሚገደል እንስሳ ላይ ይህ ከገንዘብ ኪሳራ በላይ ነው። ለኮታው የተቆጠረው አንድ ሆኖ በእውነት የሞቱት ሁለት ይሆናሉ፤ በአንዳንድ ስፍራ ቆስሎ የጠፋው እንደ ተገደለ የሚቆጠረውም ይህን ለመከላከል ነው።

> ደጋ ላይ የሚያስፈልገው ከባድ ጠመንጃ ሳይሆን ጊዜ ሰጥቶ ማየት ነው።

የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ለደጋ አጋዘን ከጠመንጃ ይልቅ ለማያ መነጽር ገንዘብ ይውጣ የሚሉት አያስደንቅም። ወንዱን ከሴቱ መለየት በቀንዱ ቀላል ነው፤ ያረጀውን ወንድ ገና መራባት ላይ ካለው ለመለየት ግን ቀንዱን፣ ቀለሙንና አረማመዱን ለረጅም ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። የተሳሳተ እንስሳ ላይ በትክክል ያረፈ ጥይትም የሳተ ጥይት ነው።

ስለ ማሽኑ ጥቂት

አሠራሩ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ1898 የወጣው የማውዘር ሥሪት እስካሁን መሠረት ነው፤ ጥይቱን ከካዝናው ገና ሲነሣ ጠርዙን ነክሶ ስለሚይዘው ተኳሹ በድንጋጤ ግማሽ መንገድ ስቦ ቢመልሰውም ሁለት ጥይት አይደራረብበትም። ለጎሽ የሚሄድ ሰው ይህን ይፈልጋል። ባለ ሁለት አፈሙዙ ደግሞ በአንድ ሰደፍ ላይ የተቀመጡ ሁለት ጠመንጃዎች እንደ ማለት ነው፤ አንዱ ቢከዳ ሌላው አለ፣ ሁለተኛው ተኩስም ከዓይን ጥቅሻ ይፈጥናል። ዋጋው ግን የቤት ዋጋ ነው፣ ርቀቱም አጭር ነው። በራሱ የሚጎርሰው መሣሪያ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለአደን አይፈቀድም፤ ባይከለከልም አይመከርም ነበር፤ ሁለተኛ ጥይት በቀላሉ እንዳለው የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያውን ይንቃል።

«መግደልን ማሳመር»

ከዚህ ሁሉ በላይ የሆነ ተቃውሞ አለ። እንስሳትን ለቀንዳቸው መግደል ራሱ ስሕተት ከሆነ በየትኛው ጠመንጃ ይገደሉ ብሎ መከራከር ምን ይረባል? ኬንያ በ1977 አደንን ከልክላለች። ቦትስዋና በ2014 ከለከለች፣ በ2019 መልሳ ፈቀደች። ተቃዋሚዎች የደጋ አጋዘን ከዓለም ላይ ባለቤቱ አንድ አገር ብቻ በሆነበት ጊዜ ለእንግዳ ግድግዳ ማስጌጫ መሆኑ ያሳፍራል ይላሉ። ደጋፊዎች ደግሞ ከፈቃድ የሚገኘው ገቢ ባይኖር ጫካው ወይ ማሳ ወይ ከሰል ይሆን ነበር ይላሉ። በአካባቢው የሚኖረው ገበሬ ሁለቱንም ሰምቶ ገንዘቡ እሱ ጋ ደረሰ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው።

ይህ ክርክር በጠመንጃ ምርጫ አይፈታም፣ ሊፈታም አይገባም። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ማንም ሆዱ የተመታ እንስሳ ሦስት ቀን ጥሻ ውስጥ ተኝቶ እንዲሞት አይፈልግም። አደኑ እስካለ ድረስ ይህን የሚወስነው ጠመንጃውና ሰውየው እንዴት እንደተጣጣሙ ነው። አደን ይቁም የሚል ሰውም እስኪቆም ድረስ በሥነ ሥርዓት ይሁን ቢል ከአቋሙ አይጎድልም።

ተኳሹን ማን ይፈትነው?

በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሕግ የሚለካው ጠመንጃው ነው፤ ስፋቱ፣ ጉልበቱ፣ ሥሪቱ። ሰውየው የሚፈተነው ካምፕ ከደረሰ በኋላ፣ በአደን መሪው በጎ ፈቃድ፣ በካርቶን ላይ ነው። አደን መሪው ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ የመጣ እንግዳን «አልተለማመድክም፣ አትተኩስም» ብሎ መመለስ ይከብደዋል። ከገንዘቡ ጋር የተያያዘ ፈታኝ ደግሞ ፈታኝ አይባልም።

ኖርዌይ ትልቅ አውሬ የሚያድን ሰው በየዓመቱ ከመቶ ሜትር ላይ አምስት ጥይት ተኩሶ ሁሉንም 30 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ እንዲያሳርፍ ታስገድዳለች። ፊንላንድ ሙስ የተባለውን ትልቅ አጋዘን ለሚያድን ሰው ከ75 ሜትር አራት ጥይት በ23 ሴንቲሜትር ክብ ውስጥ ትጠይቃለች። በሁለቱም አገር ፈተናው በአደን ጠመንጃ ነው፤ የሚፈራው መድፍ የያዘ ሰው እዚያው ይወድቅና ቀለል ያለውን ይዞ ይመለሳል። ምርጫውን ማንም ሳይመክረው ያስተካክላል ማለት ነው።

ለደጋ አጋዘን ፈቃድ የሚሰጠው አካል ይህን ቢያደርግ የሚጠይቀው አንድ ዒላማ፣ አንድ ተቆጣጣሪና የግማሽ ቀን ጊዜ ነው። ፈተናው ከካምፑ ባለቤት እጅ ወጥቶ ከፈቃዱ ጋር ይያያዝ። ያለፈ ያድን፤ ያላለፈ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለስ።